የእኔ ተራ የነበረው ክረምት

ባለቤቴም እኔም ንፋስ መውጫ ላይ አስተማሪዎች ነበርን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እኔ ሁለቱን ሴቶች ልጆቻችንን ይዤ እቀራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዲፕሎማውን ያዘ። የደስ ደስ ብለን ሰው በጠራንበት ቀን፣ ገና እንግዳው ሳይበተን፣ «ቀጣዩ ክረምት የሷ ነው» አለ። «ልብ ወለዷን ትጽፋለች፤ ልጆቹን እኔ እይዛለሁ።» እንግዶቹ አጨበጨቡለት። እኔም አጨበጨብኩ።

ልብ ወለዱን ከጀመርኩት ቆይቼ ነበር። ድጓ ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ያገባች የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በአገራችን ቤተ ልሔም የምትኖር የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሰውየው አስመስክሮ ሲያበቃ ጥሏት ወደ አገሩ ይመለሳል። ድንች እስኪበስል አንድ አንቀጽ፣ ትንሿ ልጄ ከእንቅልፏ እስክትነቃ ግማሽ ገጽ፣ በዚህ ዓይነት ነበር የምጽፈው። ጥሩ ቃል የሚመጣልኝ ሁልጊዜ እጄ ሊጥ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ታጥቤ እስክመለስ ይጠፋል።

ተራዬ ደረሰ። ክረምት በኛ አገር ቀልድ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ልጆች ደጅ አይወጡም፤ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ሳይደርቅ ይሸታል። ያለን ሁለት ክፍል ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋና እጽፋለሁ፤ እሱ ልጆቹን ሳሎን ያጫውታል። መጀመሪያ ላይ ቃሉን ጠበቀ። ገንፎ ሳይቀር አገነፋላቸው።

እያደር ግን ፊቱ ጠቆረ። ጓደኞቹ ጠጅ ቤት ውስጥ «አንተ ቤት ጸሐፌ ትእዛዝ ተሾመ አሉ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ትልቋ ልጅ የጓዳውን በር ስትደበድብ ቀድሞ ይይዛት የነበረው ሰው፣ ዝም ብሎ ያያት ጀመር።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ መጣ። «እትዬ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ስም ተለጥፏል። የእርስዎም አለበት» አለኝ።

የተሳሳተ መሰለኝ። የሚጠቡ ልጆች ያሏቸው እናቶች አይዘምቱም ተብለን ነበርና። በዝናብ ሄጄ አየሁት፤ ስሜ አለ። ምድቤ ስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ ያለ ገበሬ ማኅበር ነው። የባለቤቴ ስም የለም። ተመልሼ ስነግረው ትንሿን ከጭኑ ሳያወርድ፣ «ምን ይደረጋል፤ የመንግሥት ነገር ነው» አለ። «እናቴ መጥታ ልጆቹን ትይዛለች።»

በዚያ ዘመን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ተመልሶ «ማን ላከህ?» ተብሎ ነበር የሚጠየቀው። ልጄን በዚያው ሰሞን በግድ ጡት አስጣልኳት። ወገዳ ስደርስ ቀሚሴ ደረቴ ላይ በወተት ርሶ ነበር፤ ነጠላዬን ደርቤ ሸፈንኩት።

የምናስተምረው በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ነው። ሰዎቹ ከአረም ሥራ ወጥተው፣ ጭቃቸውን እግራቸው ላይ እንዳደረቁ ይመጡና «ሀ ሁ» ሲሉ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ወረቀቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ዝናብ ተማሪዎቼን ሲያስቀርብኝ አወጣዋለሁ፤ ግን ያቺ የቤተ ልሔሟ ሴት አልናገር አለችኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ የዘመቻው አስተባባሪ ሊጎበኙን መጡ። ተማሪ ሳለሁ ዳይሬክተሬ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጥቻቸው ከተቀመጡ በኋላ፣ «ጎሽ ልጄ» አሉኝ። «የሚጠባ ልጅ ትተሽ በፈቃድሽ መዝመትሽ አስገርሞኛል።»

«በፈቃዴ?»

«ታዲያስ! አንቺ ነጻ ነበርሽ እኮ። የተመደበው ባለቤትሽ ነበር። ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ‹እሷ በእኔ ፈንታ ትሂድ፤ ፈቃደኛ ናት› አለን።» ፊቴን አይተው ንግግራቸው ቀዘቀዘ። «አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። እንደተናቅሁ ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም መሰለኝ።

ጎርፉ፣ ጭቃው፣ የልጄ ለቅሶ፣ ሁሉም የመንግሥት ነው ብዬ ችዬው ነበር። የባሌ መሆኑን ሳውቅ ግን መቻል አቃተኝ።

ለዕንቁጣጣሽ ቤቴ ገባሁ። ትንሿ አላወቀችኝም፤ አማቴ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። እቃዬን ሳላወርድ ጠየቅሁት።

«ቢሮ ሄደህ ምን አልካቸው?»

አልካደም። «እኔ ብሄድ ልጆቹን ማን ያያቸዋል?» አለ። «አንቺ ወረቀትሽ ላይ ነሽ። እዚህ ብትቀሪ በርሽን ዘግተሽ በረሃብ ትጨርሻቸው ነበር።»

«ያን ሁሉ ክረምት አንተ ስትማር ማን አያቸው?»

የመለሱት አማቴ ናቸው፤ የያዙትን ሰፌድ መሬት ላይ ጣሉት። «‹ራሷ ጠይቃ ነው የሄደች› ብለኸኝ አልነበረም? ልጆቿን ጣለች እያልኩ ስንቱ ጎረቤት ዘንድ አማኋት! የሰው ሥጋ ነው ያበላኸኝ!» ብለው አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ። እሱ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ የንስሐ አባታችን ገቡበት። እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለልጆቼ ስል ይቅር አልኩ። አስታራቂዎቹ በልተው መርቀው ሄዱ። እኛ ግን የተረፍነው በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ነው።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ማንንም ሳላማክር ልጆቼን ይዤ እህቴ ዘንድ እስቴ ወረድኩ። እህቴ ማንበብ አትችልም፤ «ትጽፊ እንደሁ ጻፊ፣ እኔ ለራሴ ልጆች የማበስለው ለነሱም ይበቃል» ብላ ልጆቹን ከአጠገቤ ሰወረችልኝ። እዚያ ጨረስኩት። በኋላ ማሳተሙ አልሆነልኝም፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ፍልሰታ ሲፈታ ባለቤቴ በቅሎ ይዞ ሊወስደን መጣ። ልጆቹ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«አለቀልሽ?» አለኝ።

«አለቀ።»

«አንብቢልኝ እንግዲህ።»

«ደክሞኛል» አልኩት።

አብረን አረጀን። ልጆቹን ያለ ስስት ያሳደገ አባት ነው፤ ይህን አልክድበትም። ሰው ፊት ሲያመሰግነኝ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከበስተኋላው ምን አስቦ ይሆን እላለሁ።