ዝም ያልኩበት ግማሽ ቀን

ሊይዙኝ ሲመጡ መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። ሁለት ፖሊሶች የክሊኒኩ በር ላይ ቆሙና «ትፈለጋለህ» አሉኝ። መርፌዎቹን ከእሳት እንዳወርድ ጠየቅኳቸው። ተያዩ፤ ከዚያ አንደኛው «አውርድ» አለኝ። አወረድኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ነጩን ካፖርቴን ምስማር ላይ ሰቅዬ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ባለፈው ሳምንት እግሩን ያሰርኩለት ጋሪ ነጂ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። አልፈረድኩበትም። አዲስ አበባ ላይ የታኅሣሡ ግርግር ከከሸፈ ገና ወር አልሞላውም፤ አሰላ ውስጥ ሰው ሰላምታውን እንኳ እየመጠነ ነበር የሚሰጠው።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ ብናኝ አሁንም አለ፤ ሰው በተደገፈ ቁጥር ጀርባው ላይ ይራገፋል። ከጣራው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ መዝጊያ የላትም፤ የጭላሎ ተራራ ብርድ በእሷ ይገባል። በሩ አጠገብ የሽንት ባልዲ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ሆንኩ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከጥጉ አብሬው የምኖረውን ሽማግሌ ተኝቶ አየሁት። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። በእሱ መታሰር ሳይሆን ከእሱ ጋር በመታሰሬ።

ይህ ሽማግሌ የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ጡረተኛ ጸሐፊ ነበር። ከደብረ ብርሃን በድሬሰርነት ተመድቤ አሰላ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። እሱ ነው ከግቢው አንድ ክፍል የሰጠኝና በማዕዱ ያስቀመጠኝ። ልጅ አልወለደም። «ልጄ» ሲለኝ አፉን ሞልቶ ነው። ከዲክሲስ በኩል መሬታቸውን እንዲለቁ የተነገራቸው ጭሰኞች አቤቱታ እንዲጽፍላቸው ሲለምኑት ጻፈላቸው። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበረ በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋታችን ይኸው ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ወረቀቱ መዝገብ ቤት አቧራ ይጠጣ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ብዙ ጣት ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ሤራ ይመስላል።

እንቅልፉ እንዳይቋረጥ በዝግታ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ከአጠገቡ ግን ቦታ አልነበረም። አንድ ሰው ተቀምጦበታል። በአቤቱታው ላይ መጀመሪያ አሻራውን ያሳረፈው ገበሬ ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ እንደ ማረሻ እጀታ የጠነከረ። የሽማግሌው እግር በዚህ ሰው ጋቢ ተጠቅልሏል። እኔን ሲያይ ፈገግ አለና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ዝም በል፣ ተኝቷል ማለቱ ነው። በገዛ አባቴ ቤት እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

በሩ የሚከፈተው በቀን ሁለት ጊዜ ነበር፤ ጠዋትና አመሻሽ። ተሰልፈን ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ እንሄዳለን። ዘበኛው ከኋላ ሆኖ «ቶሎ! ቶሎ!» ይላል። ሽማግሌው ሰው እያየው መቀመጥ አልቻለም። ባልዲውንማ ለሽንት እንኳ የሚጠጋው ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ ነው። እንዲህ ሆኖ ሆዱ ደረቀ። ስድስተኛው ቀን ላይ ምግብ እምቢ አለ።

እኔ የተማርኩትን ነገርኩት። «ውኃ ያብዙ አባባ፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይራመዱ፤ ሆድዎን በክብ እንዲህ ይሹት።» «እሺ ልጄ» አለኝ። አንዱንም አላደረገም። ገበሬው ግን ሚስቱ ከቆሎ ጋር ያመጣችለትን ተልባ በጣሳ ዘፈዘፈ፤ ሲዝለገለግ ጣሳውን ሽማግሌው አፍ ላይ ይዞ እስከ መጨረሻው አጠጣው። በማግሥቱ ጠዋት በሩ ሲከፈት ብብቱን ደግፎ ወሰደው፤ ጉድጓዱ ላይ አስቀመጠውና ሰፊ ጀርባውን ለዘበኛው ሰጥቶ በመካከል ቆመ። ዘበኛው ቢጮህ ቢጮህ አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሌው ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። እጁን ገበሬው ራስ ላይ ጭኖ ረጅም ምርቃት መረቀው፤ በኦሮምኛ።

ኦሮምኛ የማውቀው ለክሊኒክ የሚበቃኝን ያህል ነበር። የት ያምሃል፣ ስንት ቀን ሆነህ፣ አፍህን ክፈት። ሽማግሌው እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ እንደ አማርኛው ያንበለብለዋል። ሁለቱ ጥጋቸውን ይዘው ሲያወሩ፣ ሲስቁ እውላለሁ። ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። ሽማግሌው በቀን ስንት ጊዜ እሱን፣ ስንት ጊዜ እኔን እንደጠራ ልብ እል ጀመር። የተማርኩት እኔ፣ ዲፕሎማው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የእኔ፤ ደግፈኝ የሚባለው ግን እሱ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን አላሳፈረኝም፤ ያቃጥለኝ ነበር።

ብርዱ ሲጠና ሽማግሌው ባልዲው ዘንድ መመላለስ አበዛ። ብዙ ቆሞ ጥቂት ሸንቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ጠዋት ጭራሹን እምቢ አለው። ከጉድጓዱም ከባልዲውም ሳይሸና ተመለሰ። ገበሬው ከኋላው ደግፎት ቆመና በቀስታ ያፏጭ ጀመር። በአርሲ ፈረስ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲቆም እንዲሸና የሚፏጭለት ፉጨት ነው። ከዚያ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ውኃ እያንቆረቆረ ድምፁን አሰማው። ይህን ዘዴ እኔ ከትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ የውጭ አገር ነርስ ቧንቧ ከፍታ አሳይታናለች። እሱ ያለ ትምህርት ቤት ያውቀዋል። ይህም አናደደኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጠብ ጠብ አለ። «ዱፌ! ዱፌ!» አለ ገበሬው፤ መጣ ማለቱ ነው። ክፍሉ ሁሉ «ተመስገን» አለ። ሽማግሌው ተመልሶ ተቀመጠ። ሱሪው ላይ ግን ጠብታው አልቆመም፤ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል።

በዚያች ቅጽበት ነው ያወቅኩት። ሸሚዙ ከፍ ሲል ከእምብርቱ በታች ያለውን አየሁ፤ ክብ ሆኖ ተወጥሯል፤ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። የሽንት ፊኛው ጢም ብሎ ሞልቶ ትርፉ ብቻ ነው የሚፈሰው። ያየ ሰው ሸና ይላል፤ በሽተኛው ግን አልሸናም። እንዲህ ያለው ሰው በቶሎ ቱቦ ካልገባለት መርዙ ወደ ደሙ ይመለሳል። ይህን ከአሥራ ሁለታችን መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዝም አልኩ።

አልጠየቁኝም አልኩ በልቤ። ፉጨቱ ያድነዋ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልመጣም። ፀሐይዋ በመስኮቷ ገብታ ግድግዳው ላይ ስትወርድ አያለሁ። ከኋላዬ የሽማግሌውን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ያጥራል። ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ። መቀመጥም መተኛትም አቅቶት ወገቡን ይዞ ይወዛወዝ ጀመር። እኔ ግን የሆነ ነገር እጠብቅ ነበር። ስሜን እንዲጠራ። አንዴ ቢጠራኝ ዘልዬ እነሳ ነበር። አልጠራኝም።

ፀሐይዋ ከግድግዳው ወርዳ ወለሉን ስትይዝ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ። ገበሬው ነው። ፊቴ ላይ ጎንበስ ብሎ በተሰባበረ አማርኛ በቀስታ ጠየቀኝ።

«ሐኪም፣ ሽንቱ ይወጣል። እሱ ግን አልቀለለውም። ለምንድን ነው?»

ዓይኔን ወደ ግድግዳው መለስኩ።

«አንተ ትምህርት አለህ» አለኝ። «እኔ የማውቀው የፈረስ ነው። ፈረስ ሲሸና ይቀለዋል። ይሄ ሌላ ነው። ተነሥ፣ እየው።»

በዓይኑ ውስጥ ከእኔ ጋር የሚፎካከር ምንም ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሽማግሌው እንዲድን ብቻ ነው የፈለገው። ተነሣሁ።

«አባባ፣ ሆድዎን ልይ» አልኩት።

ሸሚዙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ጎተተ። «አንተ ተው።»

«እሱ ሲያይዎ ነው የዋለው።»

«እሱ ሌላ ነው» አለኝ፤ ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል። «እሱ ነገ አገሩ ይገባል። አንተ ግን ነገ ማዕዴ ላይ ትቀመጣለህ። ልጅ የአባቱን እርቃን አያይም። ካየኸኝ በኋላ በየትኛው ዓይኔ ነው የማይህ?»

ስቀናበት የከረምኩት ነገር ይህ ነበር። ለእሱ የሰጠውን እኔን የነፈገኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለእኔ ያስቀመጠው ክብሩን ነው።

«ዛሬ ልጅዎ አይደለሁም» አልኩት። «ዛሬ ድሬሰር ነኝ። ነገ ተመልሼ ልጅዎ እሆናለሁ።»

ከዚያ ሸሚዙን ለቀቀ።

በሩን ደበደብኩ። ዘበኛው ከብዙ ክርክር በኋላ መቶ አለቃውን ጠራ። መቶ አለቃው ደፉ ላይ ቆሞ ሰማኝ።

«ለሽንት ነው የጠራኸኝ?»

«ለሽንት ነው።»

«ይሽናዋ!»

«አልቻለም። ፊኛው ተወጥሯል። እንዲህ እንዳለ ካደረ ይሞታል። ከክሊኒኩ የሽንት ቱቦ ያስመጡልኝ።»

«አንተ እዚህ እስረኛ ነህ ወይስ ሐኪም?»

«ወረቀት ይስጡኝ» አልኩት። «የነገርኩዎትን ከነሰዓቱ ጽፌ ልፈርም። ነገ የሚጠይቅ ቢመጣ እኔ ተናግሬአለሁ።»

ወረቀት ስል ፊቱ ተለወጠ። «ወረቀት የሚባል ነገር እንዳታነሣብኝ» አለና ወደ ዘበኛው ዞረ። «ሂድ፣ የሚለውን አምጣለት።»

የሥራ ጓደኛዬ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች፣ ቫዝሊን፣ ሳሙናና ፋሻ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ላከልኝ። ቱቦዎቹን በዘበኞቹ ምድጃ ላይ ቀቀልኳቸው። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ስመለስ ገበሬው ጋቢውን አውልቆ እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ለሁለት እስረኞች አስይዞ ነበር። የያዙት ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። የቀሩት ሰባቱ ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ፤ ግንባራቸውን ከጭቃው አስጠግተው ጀርባቸውን ሰጡን።

ገበሬው የሽማግሌውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ «ኦብሲ፣ ኦብሲ» ይለዋል፤ ታገሥ ማለት ነው። እኔ ቫዝሊን ቀብቼ ቱቦውን በቀስታ አስገባሁ። አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ። አልገፋሁም። «በረጅሙ ይተንፍሱ» አልኩት። ሲተነፍስ አለፈ።

ሽንቱ ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ፤ ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ እንደከበደው ገባኝ። ያኔ ግድግዳውን ካዩት አንዱ፣ የሲሬ ሰው ነው፣ በድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ገብስ ማውራት ጀመረ። ሲሬ ላይ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንዳማረ፣ ውርጭ እንዴት እንደሳተው። ሌላው «የእኛ አገር ይበልጣል» ብሎ ተከራከረው። ሰባቱም ግድግዳውን እያዩ ስለ ገብስ ጮኹ። ከጩኸታቸው በታች ጣሳው ሞላ። ፊኛው በአንዴ ባዶ እንዳይሆን ቱቦውን በጣቴ ቆንጥጬ አቆምኩ፣ ገበሬው ጣሳውን ባልዲው ውስጥ ገልብጦ መለሰልኝ፣ እንደገና ለቀቅኩ። ሦስት ጊዜ።

«ቀለለኝ» አለ ሽማግሌው።

ቱቦውን በፋሻ አሰርኩት። አመሻሽ ላይ በሩ ሲከፈት የረጠበውን ሱሪ ይዤ ወጣሁና ቧንቧው ሥር አጠብኩ። ገበሬው ባልዲውን ደፍቶ አጠገቤ ቆመ። «ጠዋት ነው ያወቅኩት» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም። «ጠዋት፣ አንተ ዱፌ ስትል፣ እንዳልሸና አውቄ ነበር። ዝም አልኩ።»

ገብቶት ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ብዙ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሱሪውን ከእጄ ወስዶ በሁለት እጁ ጨመቀው፤ እኔ ጨምቄ ያላወጣሁት ውኃ ወጣ።

«አሳየኝ» አለኝ። «ሲሞላ በእጅ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየኝ።»

ሽማግሌውን አስፈቅደን እጁን ሆዱ ላይ አኖርኩለት። ባዶው እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ሲሞላ የት ድረስ እንደሚነሣ፣ በጣት ሲመታ ድምፁ እንዴት እንደሚደነዝዝ አሳየሁት። ቱቦውን እንዴት እንደሚያጥብ፣ መቼ ከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ አስተማርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቱቦው ነገር የሱ ሆነ። እኔ በሌላ ወገን ተቀምጬ ለሽማግሌው የቀረውን ቆሎ እፈለፍልለት ነበር። ልጁ ነበርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ተፈትቶ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እኔ ከፋሲካ በኋላ ወጣሁ። ገበሬውን ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩት፤ ሲሄድ እጅ ተጨባበጥን፤ ያንን ቀን አላነሣውም። ዲክሲስ በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩ። መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ያርስ ነበር፤ ቤተሰቡ ወዴት እንደሄደ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ከሽማግሌው ጋር ግን እስኪሞት ድረስ በአንድ ማዕድ በላሁ። ዝም እንዳልኩበት አላወቀም። ገበሬው አልነገረውም ማለት ነው። እኔም አልነገርኩትም።

በኋላ ብዙ ዓመት ነርሶች አስተማርኩ። የሽንት መታገድ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አጥፌ «ጠብ ጠብ ማለት መሽናት አይደለም፤ ሱሪው ረጠበ ብላችሁ አትመኑ፣ እጃችሁን ሆዱ ላይ አኑሩ» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ተማሪ ከየት እንዳወቅኩት ይጠይቀኛል። አንድ በሽተኛ ነበረኝ እላለሁ። ስንት ሰዓት ቆይቼ እንደረዳሁት የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።