ለእማማ ወርቄ የመረጥኩት በራድ

ኦሎምፒያ አካባቢ የቤት ዕቃ ሱቅ የተቀጠርኩት ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ኮራ ብዬ ገባሁ። ባለቤቱ ሐጂ ሰይድ፣ ከወሎ መጥተው በንግድ ያረጁ ሰው፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ አንድ ካርቶን ውሃው ሲፈላ የሚያፏጭ በራድ ባንኮኒው ላይ ደረደሩና «በይ ጥሩውን ምረጪልኝ» አሉኝ። በጣም የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ። ሳቁብኝ። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ከዚያ አስተማሩኝ። መጀመሪያ ቂጡን እዪ፤ ወፍራምና ልሙጥ ይሁን፣ መስተዋት ላይ ሲቀመጥ አይንገዳገድ። እጀታው በብሎን የታሰረ ይሁን። የአፉን መጋጠሚያ በጣትሽ ዳብሺው። ክዳኑ ጥብቅ ይበል፤ እንፋሎቱ በክዳኑ ካመለጠ ፉጨት የለም። በመጨረሻም ጥግ ላይ ባለችው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውሃ ጥደን፣ ገዢው ፊት ሳናስጮህ አንሸጥም ነበር።

ፉጨቱ ለሰው አዲስ ነበር። አንዷ ደንበኛ በራዱን በሳምንቷ መለሰችልን። ሻይ በጣደች ቁጥር የግቢው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሳትጠራ ብትጠጣ ሐሜት፣ ብትጠራ ስኳሩ አልበቃ አላት። ዝም የሚል በራድ ቀየርንላት።

እማማ ወርቄ የመጡት ከልጃቸው ከግርማ ጋር ነው። ቦሌ የእህል ማሳ ሳለ እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ ቤታቸው ከመድኃኔዓለም ጀርባ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብቻቸውን ሲኖሩ ድስት ደጋግመው አሳርረዋል። ግርማ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያሳርሩ ቤቱን ቆልፎ ሳሊተ ምሕረት እሱ ዘንድ እንደሚወስዳቸው እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁርጡን ነገረኝ። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም፤ ደክሞት ነበር።

እማማ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ የሚጮህ አለ አሉኝ። እኔ ከቤቴ መውጣት አልፈልግም። ደህናውን ምረጪልኝ።»

ሬዲዮኑን አስጠፋሁ። በራዶቹን አንድ በአንድ እየጣድኩ እሳቸውን ደጅ አቆምኳቸው። አንደኛው ድምፁ ቀጭን ነው፣ አልሰሙትም። ሌላው ዘገየ። የመጨረሻው ግን ታክሲው እየጮኸ እንኳ ተሰማቸው፤ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ግርማም ፈገግ አለ። እኔማ የሠራሁት በራሴ እጅ እስኪመስለኝ ተኩራራሁና «ከእንግዲህ ደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁት» አልኳቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ግርማ ብቻውን መጣ። በራዱን ከፌስታል አውጥቶ አስቀመጠው፤ ቂጡ ከስሏል። እማማ ጥደውት ፉጨቱን እየጠበቁ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጮኸም። ውሃው አልቆ በራዱ ሲግል፣ አጠገቡ የነበረው ጨርቅ ተያይዞ ወደ መጋረጃው ዘለቀ። ጎረቤት ባይደርስ ቤቱ አይተርፍም ነበር። ድሮ እኮ ሻይ ሲጥዱ እሳቱ አጠገብ ቆመው ነበር የሚጠብቁት፤ እኔ ነኝ ደጅ ይቀመጡ ያልኳቸው።

አላምን አልኩ። ውሃ ሞልቼ ጣድኩት። ጮኸ። ግርማና እኔ ተያየን።

አብሬው ቤታቸው ሄድኩ። እማማን እስቲ እንደ ልማድዎ ሻይ ይጣዱልኝ አልኳቸው። በራዱን ተቀብለው ውሃውን፣ ቅጠሉን፣ ቀረፋውንና ቅርንፉዱን ጨመሩ። ክዳኑን ገጠሙ። ከዚያ እጃቸው በራሱ ተመልሶ ክዳኑን ገርበብ አደረገው።

«እንዳይገነፍል ነው» አሉኝ፣ የማላውቅ መስሏቸው።

እናቴም እንዲሁ ነው የምታደርገው። እኔም ማታ ማታ ቤቴ እንዲሁ ነው የማደርገው። ሱቅ ውስጥ ግን የምናፈላው ባዶ ውሃ ነው፤ ባዶ ውሃ ደግሞ ማን ክዳን ይከፍትለታል? ያን ሁሉ በራድ ስሸጥ አንድም ቀን አልታየኝም።

ግርማን ለመንኩት። ክዳኑን መግጠም ብቻ ነው፣ እየመጣሁ አለማምዳቸዋለሁ አልኩት። «አንቺ መጋረጃውን አላየሽም» አለኝ። እውነቱን ነው። እማማ ግን አልተቆጡኝም። «ተይው ልጄ፣ ይኼ እጅ ከእንግዲህ አይማርም» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሄዱ። አንድ እሁድ ሳሊተ ምሕረት ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሠራተኛ አለ፣ ንጹሕ ለብሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። እንዴት ነው፣ ተመችዎት ወይ አልኳቸው።

«ምን እሆናለሁ፤ ያቀርቡልኛል፣ እጠጣለሁ።»

እኔም የቀረበልኝን ሻይ ሳልጨርስ ወጣሁ።

በበነጋው ሐጂን አሠራራችንን እንቀይር አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ዕቃ ለምትሸጡ ልጆች የምላችሁም ይህንኑ ነው። በራዱን እናንተ ጥዳችሁ አታሳዩ። ቅጠሉንም ቅመሙንም ስጡትና ገዢው ራሱ እንደ ቤቱ ይጣደው። እናንተ እጁን እዩ።