እርሻውን የተወው ገበሬና ወንድሜ

ትናንት ቶሮንቶ፣ ብሉር መንገድ ላይ ከሰብዌይ ባቡር ወጥቼ ስራመድ፣ ዝናብ ያበሰበሰው የማስታወቂያ ጋዜጣ አንድ ሱቅ በር ላይ ተከምሮ ነበር። ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። የወንድሜ ፍራሽ እንደዚያ ነበር የሚሸተው፤ የረጠበ ወረቀትና የቅጠል ጭማቂ።

ያኔ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር፣ አንድ ረጅም ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ፣ ወንድሜና እኔ። እናታችን ካናዳ ሳንመጣ ነው ያረፈችው። አባቴ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ይሠሩ ስለነበር፣ እኛ ለትምህርት ቤት ስንወጣ እሳቸው ሲገቡ ሊፍቱ በር ላይ እንገናኛለን። “በላችሁ?” ይሉናል። ሌላ ነገር ለመጠየቅ ጉልበቱም የላቸውም።

ወንድሜ መቀመጥ የማይችል ልጅ ነበር። ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ያጠናል። በግድ ብናስቀምጠው እንኳ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆዎቹን ያንጫጫቸዋል። ሃይስኩል ሊጨርስ ዓመት ሲቀረው አስተማሪው ስለ አንድ የጥንት አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዲጽፍ አዘዘችው። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ባሰበት።

ሰውየው ገበሬ ነበር። አንድ ቀን ሲያርስ ደክሞት ዛፍ ሥር አረፍ አለና አንዲት አበባ ቀጥፎ ተመለከታት ይባላል። ይህን ሁሉ ዘመን በማረሻው ሲገለብጣት ስለሷ አንድም ነገር አለማወቁ አሳፈረው። መጽሐፍ ገዛ፣ ላቲን ተማረ፣ ከዚያ በፈረስ ጫካ ለጫካ መዞር ጀመረ። ከልጁ ጋር ደቡብ ወርደው አንድ ወንዝ ዳር ነጭ አበባ የምታወጣ ትንሽ ዛፍ አገኙ። በኋላ ልጁ ተመልሶ ዘሯን አመጣና ጓሯቸው ውስጥ በቀለች። ጫካ ውስጥ የነበረችው ግን ጠፍታ ቀረች። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ዘሯ ሁሉ ከዚያ ጓሮ የወጣ ነው።

ወንድሜ ይሄን የነገረኝ ጠባቧ ሳሎናችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው። “ቤቱ ቁጭ ቢል ኖሮ እኮ ጠፍታ ቀርታ ነበር! ገባሽ? ጃስት ጎን!”

ከትምህርት ቤት መልስ ከሕንፃችን ጀርባ ያለው ሸለቆ ውስጥ መግባት ለመደ። የለቀመውን ቅጠል ሎቢ ከሚጣለው የማስታወቂያ ጋዜጣ መሃል አድርጎ ፍራሹ ሥር ይከተዋል፤ ማታ በላዩ ይተኛበታል። እኔ ይሸተኛል እያልኩ እጮሃለሁ። አሁን ሳስበው ያ ቤት ሕይወት ሕይወት የሚሸት ሌላ ነገር አልነበረውም።

በጸደይ ዩኒቨርሲቲ ለፋርማሲ ትምህርት ተቀበለው። አባቴ በደስታ ለእሁድ ምሳ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። እንግዶቹ ሲገቡ ወንድሜ የለም። እኔና አባቴ ልንፈልገው ሸለቆው ወረድን። ሱፍ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ከወደቀ ቅጠል ሥር ገና ብቅ ያለ ነጭ አበባ ፊት ተንበርክኮ አገኘነው።

“እንግዳ ቤት ተቀምጧል” አሉት አባቴ።

“አባዬ፣ ሰመር ላይ ሰሜን ልሄድ ነው። ዛፍ ተከላ። አፕላይ አድርጌ ተቀብለውኛል።” ከዚያ ስለ ገበሬው ይነግራቸው ጀመር፤ እየተቻኮለ፣ አማርኛው እየጠፋበት። እስኪጨርስ ሰሙት።

“ሚስቱስ?” አሉ። “እሱ ጫካ ለጫካ ሲዞር ቤቱን ማን ያዘለት?”

ወንድሜ ሱሪው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

“ሦስት ሆነን መጣን። ሦስት ሆነን እንቀመጥ ብዬ ነው እንጂ ፋርማሲ ለኔ ምኔ ነው?” ቀድመውን ዳገቱን ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተነጋገሩም። የሚሄድበት ጠዋት አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንድሜ ሻንጣውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ በሩን ያያል። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ አባቴ ከነሥራ ልብሳቸው፣ እያለከለኩ መጡ። ፊቱን አላዩትም። እግሩን ነው ያዩት፤ ሸራ ጫማ።

“በዚህ ነው ጫካ የምትገባው?”

አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጫፉ ላይ ብረት ያለውን የሥራ ቡትስ ጫማቸውን ፈቱ። “አውልቅ።”

“እርስዎስ?”

“አውልቅ አልኩህ።”

ሲያጠልቀው ጎንበስ ብለው ክሩን ራሳቸው አሰሩለት፤ ሕፃን ሳለ ያደርጉለት እንደነበረው፣ ሁለቴ እያጠበቁ። ወንድሜ የአባቴ አናት ላይ ጎንብሶ አለቀሰ። ከዚያ ሄደ።

ያኔ ለአንድ ሰመር ነው ብለን ነበር። ወንድሜ ግን እንደገና አብሮን አልኖረም፤ ዛሬም ምዕራብ ዳርቻ ደን ውስጥ ነው የሚሠራው። ኮል ሲያደርግልኝ ከበስተጀርባው የሚሰማው ነፋስ ነው። አባቴም አሁን የሉም።

ያን ጠዋት ግን እኔና አባቴ አብረን ወደ ሰብዌይ ሄድን። የወንድሜ ሸራ ጫማ ጠቧቸው፣ ተረከዙን ረግጠው ነበር የሚራመዱት። ሰመር ቢገባም የቶሮንቶ ጠዋት ገና ይቀዘቅዝ ነበር። እንዳያፍሩ ብዬ ቀስ እያልኩ፣ “እግርዎን በረደዎት?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“አይ” አሉ፣ ወደ ታች እያዩ። “ሙቀቱ ገና አለበት።”