የደቦ ደመወዝ

ኮካንድ ከተማ ውስጥ፣ ከድሮው የዘይት ፋብሪካ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ኾሲያትን ምላሷ ስለት ነው ይሏታል። ሐሰት የለበትም። የእህል ነጋዴው ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን ቢያሳርፍ፣ "ጣትህንም ቆርጠህ አብረህ ጠቅልልልኝ፣ ከፍዬበታለሁ" የምትል ሴት ናት። ሦስት ልጅ አሳድጋ ድራለች፤ አማቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግፋ አንስታ፣ ደግፋ አስተኝታ ጦራለች፤ ጉልበቷም በዚያው ቀረ። ከዚህ ሁሉ የተረፋት ምላሷ ነውና ለምን ትቆጥበው?

ባሏ ሶትቮልዲ ግን ዝም አይነቅዝም ባይ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በፋብሪካው ቦይለር ክፍል፣ ሰው ቢናገር በማይሰማበት ጩኸት ውስጥ ነው፤ ከዚያ የመጣ ልማድ ይሁን ሲፈጠርም እንዲያው ይሁን አይታወቅም። ፋብሪካው ተሸጦ ሠራተኛው ሲበተን እንኳ "እሺ" ብሎ የምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ። ሥራ አጥ ነኝ ብሎ እንዲመዘገብ፣ መንግሥት ለሥራ አጥ የሚሰጠውን ድጎማ እንዲጠይቅ ሥራ ማእከሉ ድረስ እየጎተተች የወሰደችው ኾሲያት ናት። በዚያ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ጡረታው እስኪደርስ ቤቱን ደግፋ የምታቆየው ያቺው ድጎማ ነበረች።

ድጎማዋም ብትሆን እንዲህ በቀላሉ አልመጣችም። "ነገ ኑ፣" "ዛሬ ሲስተም የለም፣" "ፋብሪካው ወረቀቱን አልላከም" እየተባለ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ የብርዱ ወራት አለፈ። አንድ ቀን ኾሲያት መስኮቱ ሥር ቆማ፣ "ልጄ፣ ሲስተሙን እንዲህ ካመመው ሾርባ ሠርቼ ላምጣለት?" ስትል ወረፋው በሙሉ ሳቀ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን አልሳቀችም። ድጎማው የጀመረው አበባ ሲያብብ ነው።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ የሪሶላት ኦፓን ጣሪያ አወረደው። ሪሶላት ኦፓ ግድግዳ የሚጋሯቸው አሮጊት ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ታላቅ እህት ኦፓ ይላቸዋል። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ሩሲያ ሄዶ ድምፁ ከጠፋም እንደዚያው። ሴትዮዋ ግን የሰው እጅ አይተው አያውቁም። ጎረቤት ሾርባ ቢልክላቸው ሳህኑን ባዶ አይመልሱም፤ ሌላው ቢጠፋ ዘቢብ ጣል ያደርጉበታል።

የሰፈሩ ሽማግሌ ከመስጊድ ሲወጡ ደቦ ጠሩ። ሰፈሩ ወጣ። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ገለባ፣ ሌላው ጉልበቱን ይዞ መጣ፤ ሶትቮልዲ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር ሲመታ ዋለ። ለደቦተኛው የሚቀርበው የሩዝ ኦሽ እንኳ ከየቤቱ ተዋጥቶ፣ በሪሶላት ኦፓ ድስት ተሠርቶ፣ እሳቸው እንዳበሉ ተቆጠረ። ካሮቱን የከተፈችው ኾሲያት ናት፤ ካሮቱም የራሷ ነበር። ይህ ግን አይወራም። ደቦ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ማን ምን አመጣ፣ ማን ምን ሠራ ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው እዚያ ሰፈር ሰው አይባልም። ውለታ ቆጣሪ ከሌባ ያንሳል።

አንድ የተባረከ ጎረቤት ታዲያ ሶትቮልዲን መዶሻውን እንደያዘ ፎቶ አንስቶ በሰፈሩ ቴሌግራም ለጠፈው። "እጀ ወርቁ ሶትቮልዲ አካ!" ብሎም፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብሮ፣ ጻፈበት። ሊያመሰግነው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሥራ ማእከሉ ደረሰና "ሰውየው በስውር እየሠራ ድጎማ ይበላል" ተባለ። ድጎማው ታገደ። የሚለቀቀው የቤቱ ባለቤት ቀርባ ሳልከፍለው ነው የሠራልኝ ብላ ስትመሰክር ብቻ ነው ተብሎ ተነገረው። ሶትቮልዲ "እሺ" ብሎ ወጣ፤ ለሪሶላት ኦፓ ግን ትንፍሽ አላለም።

"ሴትዮዋን ይዘው ይምጡ ነው እኮ የተባሉት፣ የልጆቹ አባት!" አለች ኾሲያት። የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም፤ ስትቆጣም በአንቱታ ነው የምትቆጣው።

"ሄጄ ምን ልበላቸው? ጣሪያዎን በነጻ ሠርቼልዎታለሁ፣ ይምጡና ይመስክሩልኝ?"

"አዎ! ውሸት ነው?"

"እውነት ነው እንጂ። እውነት ነው ብዬ ውለታ ልቁጠርባቸው?"

"ታዲያ ያንን ይሉኝታዎን ድስት ውስጥ ከትቼ ልቀቅልልዎት? ምን ልንበላ ነው?"

"ተይኝ በናትሽ።"

"እርስዎ ካፈሩ እኔ እናገራለሁ። እኔን አያሳፍረኝም!"

ስለ እገዳው የቀረበው አቤቱታ የሚታይበት ቀን ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ከከተማው ወዲያ ጥጡ ነጭ ብሎ ፈነዳ። ቤታቸው ሾርባው ሥጋ ካየ ሰነበተ። በመጨረሻ ሰኞ ቅረቡ የሚል መልእክት ሲመጣ ኾሲያት ለባሏ ሳትነግር ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ሪሶላት ኦፓ ግቢ ተሻገረች። የምትናገረውን በልቧ አዘጋጅታለች። ሪሶላት ኦፓ ሻይ ቀድተው፣ በክብር አስቀመጧት።

"ኦፓ፣ ሥራ ማእከሉ ስለዚያ ስለ ደቦው ቀን ይጠይቃል" አለች።

"ስለ ምኑ?"

"እንዲያው... ማን ሠራ፣ እንዴት ሆነ... የልጆቹን አባት እያጉላሏቸው ነው። ሰኞ ብቅ ብለው ቃል ቢሰጡ ብዬ ነው።"

"ምን ብዬ?"

በነጻ ነው የሠራልኝ ይበሉ ማለት ነበረባት። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ኾሲያት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት አለች።

"የሆነውን ነዋ፣ ኦፓ" አለች።

ያቺ ኾሲያት! ነጋዴው ሁሉ የሚፈራት ኾሲያት እንደ አዲስ ሙሽራ አቀርቅራ ወጣች። መንገድ ላይ ራሷን ስትሰድብ፣ ባሏንም ደርባ ስትሰድብ ቤቷ ደረሰች። ሪሶላት ኦፓ ግን፣ "እመጣለሁ! ባልሽ ሲበደል ዝም የምል መሰለሽ?" ብለዋታልና ልቧ በዚያ ተጽናና።

ሰኞ ሪሶላት ኦፓ የዓመት በዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ሶትቮልዲ ኮሪደሩ ላይ ሲያያቸው ሚስቱን በዓይኑ ገረፋት፤ አሁን ግን የሚመለስ ነገር የለም። የአቤቱታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ክፉ ሰው ነው ማለት ኃጢአት ነው። ነገሩ ገብቶታል፤ በቶሎ ቋጭቶ ሰዎቹን ሊያሰናብት ፈልጓል። መፈለጉ ነው ጉድ ያመጣው።

"እናቴ፣" አለ በትሕትና፣ "ሶትቮልዲ አካ ጣሪያዎን የሠሩልዎት ያለ ክፍያ ነው አይደል? እንዲያው ሠርታ የምትከፍል አይደለችም፣ ረዳት የላትም ብለው፣ ለጽድቅ?"

የሪሶላት ኦፓ አንገት ቀና አለ።

"ለጽድቅ? ማን ነው ረዳት የሌላት? ልጄ ሩሲያ ነው ያለው! ለማኝ መሰልኩህ እንዴ፣ ልጄ?"

"ኧረ አላልኩም፣ እናቴ..."

"ገባኝ! የሰው ልጅ በነጻ አሠራሽ ብላችሁ ነው ይህን ደግ ሰው የምታመላልሱት። እኔ የሰው ላብ አልበላም። ኦሼን አብልቻለሁ። የእጁንም ዋጋ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። ከልኩ በላይ ነው የሰጠሁት!"

ቃሉን የምትመዘግበው ጸሐፊ ብዕሯን አቆመች። ሰብሳቢው ወደ ሶትቮልዲ ዞረ፤ ሶትቮልዲ ጫማውን ነው የሚያየው። ከዚያ ወደ ኾሲያት ዞረ።

"እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ። ከዚህ ሥራ ገንዘብ ቤትዎ ገብቷል ወይስ አልገባም?"

አልገባም ይበሉ እያለ በዓይኑ ይለምናታል። ኾሲያትም ደሟ ፈልቷል። የምን ገንዘብ? የማን ኦሽ? ካሮቱስ የኔ አይደል? ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ተደርድሯል። ወደ ሪሶላት ኦፓ ዞር አለች። ሴትዮዋ ፊታቸውን አኩርተው ቆመዋል፤ የቀሚሳቸውን እጅጌ ግን በጣታቸው ጨምድደው ይዘዋል። እንደዋሹ ያውቃሉ። ኾሲያት እንደምታውቅም ያውቃሉ። አንድ ቃል ብትተነፍስ እኚህ ሴት በባዳ ፊት ውሸታምም ለማኝም ሆነው ይወጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ጣሪያ ሥር እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ኾሲያት አዘነች፤ ለሴትዮዋ አዘነች፣ ለራሷም አብዝታ አዘነች።

"ገብቷል" አለች። "እኔው ነኝ በእጄ የተቀበልኩት። ደህና ዋጋ ነው።"

ሶትቮልዲ ቀና ብሎ አያት። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሪሶላት ኦፓ ቀድመው ሲወጡ ጠብቆ፣ ድጎማው እንደተቋረጠና ስሙም ከመዝገብ እንደሚሰረዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።

ሪሶላት ኦፓ በሩ ላይ ሆነው እየጠበቋቸው ነበር። ፊታቸው በርቷል።

"ልክ ልካቸውን ነገርኩልሽ አይደል? አሁንስ ድጎማውን ይለቁለታል?"

"ይለቁላቸዋል፣ ኦፓ። ለምን አይለቁም?"

"ምላስ ማለት እንዲህ ነው። ከኔ ተማሪ!"

"እማራለሁ፣ ኦፓ።"

ቤት ሲገቡ ሶትቮልዲ በሩን ዘጋ። "እኔ ዝም ብል አንቺ ትናገሪዋለሽ ብዬ ነበር" አላት።

"ተናገርኩ እኮ" አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱም "ደግ አደረግሽ" አላት፤ በትዳራቸው እንዲህ ብሏት ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

በዚያው ሳምንት ኾሲያት በዚያ ጉልበቷ ለጥጥ ለቀማ ተመዘገበች። ለሪሶላት ኦፓ ግን ሪሽቶን ከተማ ያለችው ልጄ ጋ ልሰንብት ነው፣ የልጅ ልጄ ናፈቀኝ አለቻቸው። ሪሶላት ኦፓም ከትንሿ ዱቄታቸው ጋግረው፣ "ለሕፃኑ ስጪልኝ" ብለው ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው አስያዟት። ኾሲያት ማሳው ዳር ቁጭ ብላ በላችው።