ከኋላችን ማንም የለም

እዚህ ማሪስቬል የባቡር ሐዲዱ ከተነቀለ ቆይቷል። ኦርቫል ክሪስቴንሰን ግን እዚያች ቦታ ሲደርስ ዛሬም ይቆማል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ጆሮውን ይጥላል፤ ባቡር አለመምጣቱን ካረጋገጠ በኋላ ያልፋል። ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አውቶቡስ ደግሞ ሐዲድ ጋ ሳይቆም አያልፍም፤ አለቀ። እኔ ከኋላው ሆኜ ስንቴ ክላክስ እንዳስጮህኩበት እግዜር ይወቀው። እጁን አውጥቶ ያውለበልብልኛል። ሰላም ያልኩት ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ሰው ጎን ለጎን አለው። ጎን ለጎን የምንላት በርም መስኮትም የሌላት፣ ሁለት ሰው አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ ድንጋዩን እየረገጠች ተራራ የምትወጣ መኪና ናት። እኛ ዘንድ እሷ የሌለችው ሰው ይታዘንለታል። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት መኪና ሆነን ተሰልፈን እንወጣለን። ከፊት ዴሎይ ነው፤ የኦርቫል ሚስት የላሩ ታናሽ ወንድም። ልጅ ሳለ በኦርቫል አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ሲረብሽ ያደገ ነው፤ ተቀመጥ በተባለ ቁጥር የቋጠረውን ቂም ዛሬ በሞተር ይወጣዋል። ከመጨረሻ በፊት እኔ ቬርል አለሁ። መጨረሻ ኦርቫል ነው።

በተራራው መንገድ ላይ ሕግ አለን። ከፊት ለፊት ሌላ ቡድን ሲመጣ እያንዳንዱ ነጂ ከኋላው ስንት መኪና እንደቀረ በጣቱ ያሳያል። የመጨረሻው እጁን ጨብጦ ያነሳል፤ ከኋላዬ ማንም የለም ማለቱ ነው። ያንን ያየ ሰው መንገዱ ነጻ ነው ብሎ ይገባል። ኦርቫል ከጭብጥ በቀር ሌላ ምልክት አሳይቶ አያውቅም። ዴሎይ ታዲያ «የሾፌር ጣቶች ጡረታ ወጥተዋል» ይላል።

ችግሩ አቧራው ነው። አምስት መኪና የሚያነሳው አቧራ ሁሉ ማረፊያው ኦርቫል ጎን የምትቀመጠው ላሩ ናት። ዴሎይ «እህቴ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ካፏ አቧራ ቦነነ» ብሎ አውርቷል። ዋሽቷል፤ ብዙ ግን አልዋሸም።

በነሐሴ መጀመሪያ፣ እኛ ዘንድ ነሐሴ በጋ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ለምሳ ቆመን ሳለ ላሩ ሳንድዊቿን ነክሳ አስቀመጠችው።

«ስማኝ ኦርቫል፤ ይሄን ስሠራው አሸዋ አልነበረበትም።»

«ነፋሱ ነው፣ የኔ እመቤት።»

«ነፋስ አይደለም፣ ወንድሜ ነው። ወይ ጉልበት ያላት መኪና ግዛና ከፊት ሁን፣ ወይ እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዴሎይ ጋ ነው የምቀመጠው። አቧራውን ከምበላው ላብላህ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ኦርቫል።

«ያንተማ እንቁላል ሸተተ እኮ፣ ሾፌር» አለ ዴሎይ።

ሁላችንም ሳቅን። ኦርቫል አልሳቀም። ማታ መኪናዋን ሲያጥብ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። ጎረቤቴ ነው፤ ሲከፋው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፤ እድሉ ነው።

«ቬርል፣ ከተጋባን ጀምሮ ሌላ ሰው ጎን ተቀምጣ አታውቅም» አለኝ። «ባዶ ወንበር ይዤ ተራራ አልወጣም።»

«ታዲያ ግዛ፤ ምን ታለቅሳለህ?»

«መኪና ሻጩ ዘንድ ያለችውን ትልቋን አየኋት። ቆማ እንኳ ታስፈራለች።»

አንጀቴን በላው፤ አልዋሽም። ሰኞ አብሬው ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሻጩ ሰው የሚገባው ነው፤ «ቅዳሜን ንዳት፤ ካልሆነችህ ሰኞ መልሳት» አለው።

ቅዳሜ ደረሰ። ላሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ተራራ ለመውጣት ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ትልቋ መኪና ቀይ ናት፤ ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት ውሻ ሁሉ አልጋ ሥር ገባ። ዴሎይ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በል ሾፌር፣ ዛሬ አንተ ምራን» አለ። ኦርቫል ረገጣት። ሐዲዱ ጋ ስንደርስ እኔ እንደ ልማዴ እጄን ክላክሱ ላይ አኑሬ ነበር። ሰውዬው ሳይቆም አለፈ። እጄ እንዳለ ቀረ፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወጥተን ቁልቁል ስንመለስ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ የሆነች ቀጭን መንገድ አለች፤ ሁለት መኪና አታሳልፍም። ከታች፣ ሰፋ ያለችው ቦታ ላይ፣ በየመኪናቸው ሽቅብ የሚወጡ ሽማግሎችና አሮጊቶች ጠርዝ ይዘው ቆመው ይጠብቁናል። ኦርቫል ከሁላችንም ርቆ ቀድሞ ደረሰ። ሚስቱ አጠገቡ ናት፣ ሸሚዟ ነጭ ነው፣ ፊቱ ላይ አቧራ የለም። አምስት መኪና ከኋላው አስከትሎ፣ ፊቱ በደስታ እያበራ፣ እጁን ጨብጦ አነሳ።

ሰዎቹ ምን ያድርጉ፤ አመኑት።

ዴሎይ ኩርባውን ሲዞር ሮዝ ሄልሜት ካጠለቀች አሮጊት ጋር አፍንጫ ላፍንጫ ተፋጠጠ። ፍሬኑ ያዘ፣ ተመስገን። ግን በሕጋችን ሽቅብ የሚወጣ ነው ቅድሚያ ያለው፤ ወራጁ ወደኋላ ይመለሳል። አምስታችንም በዚያች የገደል ጫፍ ላይ፣ ሽቅብ፣ ጀርባችንን አስቀድመን ተመለስን። መጨረሻ እኔ ስለነበርኩ መሪ ሆንኩ። አንገቴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልዞረልኝም።

«ከኋላ ማንም የለም ተባልን እኮ» አለች አሮጊቷ በአጠገባችን ስታልፍ።

«ማነው ያለሽ?» አለ ዴሎይ።

«አንድ ደስ የሚል ሽማግሌ።»

ከብዙ ጊዜ በኋላ ወንዙ ጋ ስንደርስ ኦርቫልና ላሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ዴሎይ ሄልሜቱን መሬት ላይ ወረወረው።

«እኛ ማንም ነን? ሰው አይደለንም?»

«እጄ ነው፣ ዴሎይ» አለ ኦርቫል። መሬት መሬቱን ያያል። «እጄ ሌላ አያውቅም።»

«እንግዲያው እጅህን ወደሚያውቀው ቦታ መልሰው። ከኋላ ግባ።»

የቀረውን ላሩ ራሷ ነች ያጫወተችኝ። ከኋላ ገቡ። ትንሽ እንደሄዱ የእኛ አቧራ መጣና ነጩ ሸሚዝ ቡኒ ሆነ። አዲሷ መኪና በዚያ ሁሉ ጉልበቷ አቧራውን ከአሮጌዋ በላይ በፍጥነት ትገባበታለች እንጂ አታስቀረውም።

«ይሄ ሁሉ የፈረስ ጉልበት ከኋላ ምን ይሠራል?» አለችው፤ ጮኻ ነው እንጂ ሞተሩ አያሰማም።

«መቅደም እችላለሁ።»

«ቅደምና ደግሞ ሰው ጨርስ። አቁማት። ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋው። እሷ ከቦርሳዋ አንድ የበሰለ ኮክ አውጥታ ለሁለት ከፈለችው። ስለ ልጃቸው ከጠዋት ጀምራ የነገረችውን፣ እሱም አንድ ቃል ያልሰማውን፣ እንደገና ነገረችው። አሁን ሰማ። ኮኩ ሲያልቅ ቀና ብትል አቧራው ወርዶ ተራራው ጥርት ብሏል፤ አጋዘን ሁሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ያ ሁሉ ዓመት» አለችው «ምን አስቸኮለን? መጨረሻ መሆናችን ላይቀር፣ በደንብ መጨረሻ እንሁን።»

ሰኞ መኪናዋን መለሰ። ሻጩ «ምን ጎደላት?» ቢለው «ምንም። ለኋላ ሰው በዛች» አለው። ዴሎይ ሲሰማ ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጌዋ ወጣች። ሐዲዱ ጋ ቆመች። ኦርቫል ግራውን አየ፣ ላሩ ቀኙን አየችለት። እኔ ክላክስ አላስጮህኩም፤ አንገቴን አሞኝ ነው። የተራራው መግቢያ ላይ ዴሎይ ተፈተለከ፣ እኛም ተከተልነው፤ እነሱ ሞተር አጥፍተው ኮካቸውን ሊልጡ ተቀመጡ።

ከፍ ብዬ ኩርባው ላይ ስደርስ አንድ ቡድን ቁልቁል መጣብኝ። ከኋላዬ አንድ አለ ብዬ ጣቴን አሳየሁ። የዴሎይን አቧራ እያላመጥኩ ዞር ስል ከታች፣ ንጹሕ አየር ውስጥ፣ ቀስ እያሉ ሲመጡ አየኋቸው። ቡድኑ አጠገባቸው ሲደርስ ጭብጡን ያነሳችው ላሩ ነበረች። ያንኑ ሸሚዝ አጥባ ለብሳዋለች፤ ነጭ ነው።