ገላጋይ የምንላት የመዳብ ድስት

ያቺን ድስት አትንኳት፤ እኔ ራሴ አማስላታለሁ። አንተ እንጨቱን አስጠጋ። እንደሱ አይደለም፤ ጫፍና ጫፉ ይገናኝ እንጂ እንደ ደመራ አይከመርም። ምስር ቀስ ብሎ ነው የሚበስል።

አደን አውራን ስላላችሁኝ ነው እንጂ ይህን ወሬ ወድጄ አላነሳውም። ግን ከድስቷ ጋር ተቀምጦ ሌላ አደን አይወራም። መዳብ ናት። ውስጧ የነጣው ቆርቆሮ ተቀብታ ነው፤ መዳብ ራቁቱን ምግብ ከነካ ይመርዛል። አንድ ጆሮዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ስሟ ገላጋይ ነው። ስም ያወጣላት ወዳጄ ነስሩ ነው።

ያኔ ላፍቶ የገበሬ አገር ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት የጀሞ ሜዳ ጤፍና ሽንብራ ይዘራበት ነበር። የፉሪ ተራራ ጽዱና ወይራው ሳይመነጠር ድኩላና ሚዳቋ ይውልበታል፤ አልፎ አልፎ የነብር ዱካም እናይ ነበር። እኔ ንፋስ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ዘይት እቀባለሁ፤ ከአባቴ የወረስኩት አንድ ምንሽር ጠመንጃ አለኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ፉሪ፣ እሁድ ወደ ቤቴ ነው።

ነስሩ ከስልጤ አገር የመጣ ቁራሌ ነበር። ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ላፍቶ በየደጁ እየተጣራ አሮጌ ብረትና የተበሳ ዕቃ ይገዛል፤ ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጣል። የድሮ የወጥ ቤት ዕቃ ካገኘ ግን አይሸጥም። የጣሊያን ወታደር የበላበት ሳህን፣ እጀታው የተጠማዘዘ የነሐስ ጭልፋ፣ ከባላባት ቤት የወጣ ሙቀጫ፣ ክዳኑ የጠፋ ማንቆርቆሪያ፣ ሁሉንም ጠግኖ፣ አጽድቶ፣ ቆርቆሮ ቀብቶ ያስቀምጣል። ሚስቱ ዘይነባ «ሰው ወርቅ ያከማቻል፣ የኔ ባል ጥላሸት ያከማቻል» ትለው ነበር።

ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል ደግሞ አይወድም። «ያልተጣደ ድስት ያዝናል» ይላል። ስለዚህ ሁሉንም አህያ ላይ ጭኖ አደን ይዞት ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ኳኳታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ድኩላው ሙሽራ መጣች ብሎ በእልልታ ሊቀበለን ነው» እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ኋላ በየዕቃው መሀል ጭድ መጠቅጠቅ ለመድንና ዝም አለልን።

አሁን የምለውን ልብ በሉ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ ሙስሊም ነው። እኔ በስመ አብ ብዬ ያረድኩትን እሱ አይበላም፤ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን እኔ አልበላም። በጥይት የወደቀ አውሬ ደግሞ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሳችሁ ካልባረካችሁት በክት ነው፤ ለእኔም ለእሱም አይሆንም። ስለዚህ ተራ ገባን። አንዴ የኔ ቢላዋ፣ አንዴ የሱ ቢላዋ። ተራው ያልሆነ ሰው ምስር ይበላል።

እሳታችንም እንደዚያው ነበር። የኔ ብረት ድስት በአንድ ወገን፣ የሱ በሌላ ወገን፣ መሀል ላይ ይህቺ ትጣዳለች። ስጋ ገብቶባት አያውቅም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ ብቻ። ከሷ ሁለታችንም እንበላለን። አንድ ቀን እንጀራውን እየቆረሰ «በሃይማኖት እንዳንጣላ ያደረገችን ይህቺ ናት፤ ገላጋያችን» አለ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስጋ እያለኝ እንኳ እጄን የምሰደው ወደሷ ነበር። ብቻውን የሚበላ ሰው ምኑ ይጥመዋል?

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው። የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ፉሪ ሥር የሚያርሱ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ሁልጊዜ የምንሰፍረው ከእርሻቸው በላይ ካለችው ምንጭ አጠገብ ነው። አንድ ወንድ ድኩላ ባቄላቸውን ጨርሶባቸዋል። «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይህን ሰይጣን ገላግሉኝ። ጥቁር ነው፣ እንደ ወይፈን ነው፣ ውሻዬን ወግቶ ገድሎብኛል» አሉን። ነስሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እናንተም እንዳትስቁ። ድኩላ ስታዩት ሚዳቋ ይመስላችኋል፤ የቆሰለ ወንድ ድኩላ ግን እንደ ሌላው አይሸሽም፤ ዞሮ ይጠብቃል።

ቅዳሜ ማታ ገና ከምንሰፍርባት ምንጭ ሳንደርስ አንዲት ሚዳቋ ጣልኩ። ተራው የኔ ነበር፣ ባረክሁ። ነስሩ የምስሩን ድስት እያማሰለ ስጋዬን ያያል።

«ብላ፣ ብላ። ነገ የኔ ነው» አለኝ።

«ነገ ድኩላው እንቢ ቢልህስ?»

«አይለኝም። ለዘይነባ ቃል ገብቻለሁ።»

ዘይነባ አራስ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጅ፣ ወልዳ ገና ከቤት አልወጣችም። ወተቷ አልወርድ ብሏታል፤ የድኩላ መረቅ ይጠቅማታል ብለው አሮጊቶቹ ነግረውታል። መረቁን የሚሠራበትን ድስት ሳይቀር መርጦ አጽድቶ ነበር ከቤቱ የወጣው። ያን ማታ ስለ ልጁ ጣቶች ሲያወራልኝ አምሽቶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፣ ስንረግጠው ይሰበራል። ነስሩ ገላጋይን ምስር ሞልቶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ ወፍራም የወይራ ግንድ ላይ ጣዳት። «ቶሎ እንመለሳለን፣ ስንመጣ ደርሶ ይጠብቀናል» አለ። ከአመድ ቆንጥሬ ለቀቅሁት፤ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ሽታችን አይደርሰውም፣ ደግ ነው። ወደ ባቄላው ማሳ ወረድን።

ኮቴውን ከማሳው ዳር አገኘነው። ውርጩን ሰብሮ ነው ያለፈ፤ ትኩስ ነው ማለት ነው። ጭጋጉ ትንሽ ሲገለጥ ራሱን አየሁት። ደበላ አላጋነኑም። ጥቁር ነው፣ አንገቱ የወፈረ፣ ቀንዱ ተጠማዞ የወጣ። አፉ በባቄላ ተሞልቷል። ምንሽሩን ጉቶ ላይ አስደግፌ ቃታ ሳብኩ። ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደ ሸለቆው ገባ።

ሄደን ደሙን አየን። ሰርዶው ላይ ቀይ ሆኖ አረፋ ይዟል። ሳንባው ተመትቷል፤ ሩቅ አይሄድም። እዚህ ላይ አዳኝ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቀመጣል። ደሙ ይፍሰስ፣ ጉልበቱ ይለቅ፣ ከዚያ ይኬዳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

«ቆይ፣ ነስሩ» አልኩት።

«ምን እቆያለሁ? ሳልደርስበት ቢሞት በክት ነው።»

«በክት ይሁና። ሌላ እንጥላለን።»

«ያንተ ጾም እየገባ ነው፣ ከዚህ በኋላ መቼ ትወጣለህ? ዘይነባ ዛሬ ነው የምትጠብቀኝ።» ቢላዋውን መዘዘ። «ሲያጣጥር ይሰማኛል፤ ስማ።»

እውነቱን ነው፤ ከወይራው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያጓራ ይሰማል። ነስሩ ወረደ። እኔም ጥይት አጉርሼ ተከተልኩት። ጭጋጉ ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል፣ ከፊቴ የነስሩ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ድኩላው አንገቱን ዘርግቶ ተኝቷል። ዓይኑ ፈጧል። የሞተ ነው ያልኩት። ነስሩም ያልሞተ እንዲሆን እየለመነ ሳይሆን አይቀርም፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቀንዱን ያዘና «ቢስሚ…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ያ አውሬ ከመሬት እንዴት እንደተነሣ ዛሬም አላውቅም። ያየሁት ነስሩ ተነሥቶ ሲወድቅ ነው። ቀንዱ ታፋው ውስጥ ገብቷል።

እንዳልተኩስ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። በሰደፉ አናቱን መታሁት። ነስሩን ለቆ ወደኔ ዞረ። ወደ ኋላ ስል እግሬ ሥር ያዘኝና በጀርባዬ ወደቅሁ፣ ጠመንጃው ከእጄ ወጣ። ከላዬ ቆመ። ከአፉ የሚንጠባጠበው ደም ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ይሞቃል። ሁለቱን ቀንዶች ያዝኩና ባለኝ ጉልበት ገፋሁ፤ አንደኛው ጫፍ ደረቴን እየነካ ነው። ሞቴ በድኩላ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር፤ ያን ጊዜ አሰብኩ።

በዚህ መሀል ነስሩ በደረቱ እየተሳበ መጥቶ የኋላ እግሩን ጠለፈው። አውሬው ተንገዳግዶ ሲወድቅ አንገቱ ላይ ተጋደመበት፤ አሁን ቃሉን ጨረሰና አረደው። ደሙ እስኪወርድ ሁለታችንም እዚያው ተጋደምን። ከዚያ ነስሩ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«ደረስኩበት። በክት አልሆነም» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ነው ሱሪውን ያየሁት። የድኩላው ደም ነው ብዬ ነበር፤ ግን የድኩላው ቆሟል፣ የሱ ይፈሳል። ጋቢዬን ቀድጄ ታፋውን አሰርኩ። ጋቢው ወዲያው ራሰ። በላዩ ላይ ሌላ አሰርኩ። ጠመንጃዬን ፈልጌ ወደ ሰማይ ደጋግሜ ተኮስኩ። ኦቦ ደበላ ከልጆቻቸው ጋር ሲሮጡ መጡ፤ ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ። ሁለት እንጨትና ቡልኮ አምጥተው ቃሬዛ ሠራን።

ከሸለቆው ስንወጣ ነስሩ ዓይኑን ገለጠ። ቁልቁል እየወረድን ነው፣ ወደ ጅማው መንገድ፣ መኪና ካገኘን ብለን። የሰፈርንባት ምንጭ ከበላያችን ናት፤ የእሳታችን ጭስ ይታያል። እሱም አየው።

«ታዬ» አለኝ።

«አቤት ወንድሜ።»

«ገላጋይን ከእሳት አውርዳት። ውሃዋ ካለቀ ቆርቆሮዋ ይቀልጣል።»

«አወርዳታለሁ። አንተ አትናገር፣ ትደክማለህ።»

«ታርራለች» አለኝ። ሌላ ነገር የሚል መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አላለም። የጀሞን ሜዳ ስንጋመስ ኦቦ ደበላ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው «አስቀምጡት» አሉ። የሽንብራ ማሳ ነበር። እዚያ አስቀመጥነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አንዲት ጠብታ አልወጣኝም።

ዘይነባ በሩ ላይ ስታየን ልጇን ታቅፋ ነበር። ቡልኮው ላይ ያለውን ደም ስታይ ያደንንላት ስጋ መስሏት «አገኛችሁ?» አለችኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያቺን ቃል ግን እንድረሳ የሚያደርገኝ አላገኘሁም።

በዚያው ቀን ተቀበረ፤ በነሱ ሥርዓት ሬሳ አያድርም። ደበላ ስጋው እንኳ ለአራሷ ይድረስ ብለው ሲመሽ ልጆቻቸውን ወደ ሸለቆው ልከው ነበር። ጅብ ቀድሟቸዋል። በክት እንዳይሆን ብሎ የሞተለትን ስጋ ጅብ በላው።

ወደ ምንጩ፣ ወደ ሰፈርንበት፣ የተመለስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ወይራው ዐመድ ሆኗል። ምስሩ ከስሏል። ከሰሉን ስጠርገው መዳቧ ራቁቷን ቀይ ሆና ታየችኝ፤ ቆርቆሮው ቀልጦ በአንድ ጎን ተሰብስቦ እንደ ባቄላ ፍሬ ረግቷል። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አወርዳታለሁ ብዬው ነበራ። እሱን ልሸከም ወይስ እሷን ላውርድ ብዬ የምመርጥበት ነገር አልነበረም፤ አውቃለሁ። ልብ ግን ማወቅ አይበቃውም።

ድስቷን ለዘይነባ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየቻትና መለሰችልኝ። «ወንድሜ ታዬ፣ ሌላውን ዕቃ ለልጄ አስቀምጣለሁ። ይህቺ ግን የሁለታችሁ ናት። አብስልባት፤ ዕቃ ሲሰቀል አይወድም ነበር። ብቻ እሱ የማይበላውን አታግባባት» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላገባሁባትም።

ምናለሽ ተራ ነስሩን የሚያውቅ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። አዲስ ቆርቆሮ ሊቀባት ሲያዘጋጅ ያቺን የረጋች ፍሬ ሰጠሁት። ገባው። መጀመሪያ የነስሩን አቅልጦ ቀባት፣ ያልበቃውን ከራሱ ጨመረ። ዛሬ የምታዩት ንጣት ሁለቱም አለበት፤ የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አደን አልተውኩም፤ ብተው እሱ ይቆጣኝ ነበር። ግን የመታሁት አውሬ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያጓራ ብሰማ ተነሥቼ አላውቅም። አብሮኝ የወጣውንም ልብሱን ይዤ አስቀምጠዋለሁ። በክት ይሁን። ስንቱን ስጋ ለጅብ ትቼ ተመልሻለሁ መሰላችሁ፤ ጎረቤቶቼ ታዬ አርጅቶ ፈሪ ሆነ ይላሉ። ይበሉ።

ከእናንተ የሚጾም አለ፣ የማይጾም አለ፤ ቢስሚላህ የሚል አለ፣ በስመ አብ የሚል አለ። ሁላችሁም ቅረቡ። እየሸተተኝ ነው፤ ውሃው ሳያልቅ አልቀረም። ማነህ አንተ፣ እሳቱ ዳር ያለኸው፣ ወሬውን ተወውና ገላጋይን አውርዳት። ታርራለች።