የሰው ሸክም የሚቀማው ወንድሜ

የምስራች! ምስር ብይ በሉኝ! ተሸከመ! በገዛ ዓይኔ አይቼ መጥቼ፣ ትንፋሼ እንኳ በቅጡ ሳይመለስ ነው የምጽፍላችሁ። ሻንጣ ተሸከመ፤ ያውም ከሰው እጅ ቀምቶ፣ ያውም ውስጡ ምን እንዳለ ሳይጠይቅ፣ ያውም እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሽቅብ!

«ሰው ሻንጣ ቢሸከም ምን ይገርማል? መናኸሪያው በተሸካሚ ሞልቶ የለም ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። የተሸከመው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ ሻንጣ ሲያነሳ እኔ ለምን እልል እንደምል እንድታውቁ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ሥሩ ግን እልል አያሰኝም።

አባታችን የመጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበር። ጆንያ ሲሸከም ኖሮ ኖሮ ወገቡ ጎበጠና፣ በመጨረሻ ዘመኑ ቀና ማለት አቅቶት የሚያየው የሰው ጫማ ብቻ ሆነ። «የጎረቤቶቼ ፊት ከጠፋብኝ ቆየ፤ በጫማቸው ግን አንዳቸውንም አልስትም» እያለ ያስቀን ነበር። ሁላችንም እንስቃለን፣ ወንድሜ ብቻ አይስቅም። ገና ከልጅነቱ ዕቃ የከበደው ሰው ካየ ሮጦ ሄዶ መንጠቅ ነው። «ልርዳዎት» የለ፣ «ይፍቀዱልኝ» የለ፤ ላፍ! ሌባ መስሏቸው የጮኹበት መንገደኞች ስንት ናቸው! ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ናት «ቀማኛው» ብላ ስም ያወጣችለት። «ቀማኛዬ፣ ና ይቺን ስኳር ቅማኝ!» ስትለው ከነጆንያው ከመኪና አንስቶ ሱቋ ውስጥ ይከምርላታል።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞትም ሳጥኑን ከሚያነሱት አንዱ እሱ ነው። እናታችን ይህን እያየች «እኔንስ አንተ ከያዝከኝ መንገዱም አይታወቀኝ» ትለው ነበር። ይህን ቃሏን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አደገና መኪና ነዳ፤ ሲነዳ ቆይቶ አንድ ኤምባሲ ሾፌር አድርጎ ቀጠረው። መኪናዋ ጥቁር፣ ታርጋዋ ልዩ። አንድ እሁድ ምሳ እየበላን፣ «ይቺን መኪና ማንም ፖሊስ አያስቆማትም» አለን ደረቱን ነፍቶ።

«ኧረ ተው! አንተንስ?» አለችው ሚስቱ። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ምላሷም እንደ ካውያዋ ነው።

«እኔንማ ከመኪናዋ ከወረድኩ የሰፈር ውሻም ያስቆመኛል።»

ሳቅን። ከዚያ ነገሩን አስረዳን። ያለመከሰስ መብት ይባላል። ጌቶቹ እዚህ አገር ቢያጠፉ አይታሰሩም፣ አይከሰሱም፣ ዕቃቸው አይበረበርም፤ የላካቸው አገር ራሱ መብታቸውን ካላነሳ በቀር የሚነካቸው የለም። «ሾፌራቸውስ?» አልኩት። «ሾፌራቸውማ የዚህ አገር ሰው ነው፣ እታለም» አለኝና እጁን ታጠበ።

የሚያመላልሰው ሁለተኛው ጸሐፊ የሚሉትን ሰውዬ ነበር። ቁጡ እንዳይመስላችሁ። ድምፁ ለስላሳ፣ ሰላምታው የማይጓደል፤ ከውጭ በተመለሰ ቁጥር ለእናታችን የጉልበት ቅባት ይልክላት ነበር። እሷም ጉልበቷን እያሸች ስትመርቀው ኖረች። አንድ አመል ብቻ ነበረው። ሲጓዝ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለወንድሜ ይተውለትና አንዲት ጥቁር ሻንጣ ግን አያስነካውም። «ይቺን ተዋት» ይለዋል። ወንድሜ በዚህ ነገር ይከፋው ነበር። «ጌታዬ ሻንጣ እየጎተተ እኔ ባዶ እጄን ከኋላው ስከተል ያየኝ ሰው ምን ይለኛል?» ይለን ነበር።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ሁለተኛው ጸሐፊ ከቤቱ ደረጃ ላይ አንሸራተተውና ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሌላውን ሻንጣ አስረከቡ፤ ጥቁሯን ግን ራሱ ይዞ፣ እያነከሰ፣ ላብ እያጠመቀው ወደ ዲፕሎማቶቹ በር ይሄዳል። ወንድሜ አላስቻለውም። የሆነውን እስር ቤት ልጠይቀው ስሄድ በሽቦው መካከል እንዲህ ሲል ነገረኝ።

«እጄ ቀደመኝ፣ እታለም። መያዣዋን ጨበጥኩና ‹ዛሬስ አይሆንም ጌታዬ› አልኩት። ‹ተዋት ብዬሃለሁ!› አለኝ። የሁለታችንም እጅ መያዣው ላይ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፖሊስ ውሻ እየሳበ ከማዕዘኑ ብቅ አለ። ጌታዬ ውሻውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ ይታወቀኛል። እኔ ጅሉ፣ እሺ አለኝ ብዬ ደስ አለኝ!»

ውሻው መጥቶ ሻንጣዋን አሸተተና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

ወንድሜ ወደ ጌታው ዞረ። ጌታው መታወቂያውን አውጥቶ አሳየ፤ ፖሊሱም ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። «የእኔን ሻንጣ ቀድሜ አስረክቤአለሁ» አለ ሰውዬው። «ይህን እንግዲህ እጁ ላይ ነው ያያችሁት።»

«ጌታዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ!»

«አይዞህ» አለው፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ። ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና እያነከሰ ገባ። አውሮፕላኑ ሄደ። ሻንጣዋ ስትከፈት ታችዋ ሌላ ወለል ነበራት፤ በወለሎቹ መካከል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል።

«እሱ እጅ ላይ ሳለች አገር ነበረች፤ ማንም አይነካትም» አለኝ ወንድሜ በሽቦው ውስጥ። «እኔ እጅ ስትገባ ሻንጣ ሆነች።»

ኤምባሲው ነገሩ እንደማይመለከተው ተናገረ። ሰውዬው ቀርቦ ይመስክርልን ብንል፣ አገሩ መብቱን ስላላነሳ አይጠራም፣ አይጠየቅም ተባለ። ጠበቃችን የቀረችውን አንዲት ቀዳዳ አገኘ። «ስማኝ ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። ‹ሰጠኝ› በል። አለቃዬ ሰጠኝ፣ ታዝዤ ያዝኩ። በቃ፣ ሌላ አትጨምር» ብሎ ደጋግሞ አስጠናው። ወንድሜም እሺ አለ። ግን ውሸት አፉ ላይ አይቆምለትም፤ ከልጅነቱ እንደዚያ ነው።

«ሻንጣውን ማን ሰጠህ?» አለው ዓቃቤ ሕጉ።

ወንድሜ ጠበቃውን አየ፣ ጣሪያውን አየ። «ማንም።»

«ታዲያ እንዴት እጅህ ገባ?»

«ቀማሁት።»

«ሳይሰጥህ?»

«ተው እያለኝ። እግሩ አብጦ ነበር እኮ! ሰው እስኪሰጥ ከተጠበቀ ምኑን እገዛ ሆነ?»

ችሎቱ ሳቀ። ጠበቃችን ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ይህ አልበቃ ብሎ ባለሱቋ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች፤ ልታግዘው እኮ ነው የኔ እናት! «እውነቱን ነው ጌታዬ! ይሄ ልጅ ከድሮም ቀማኛ ነው! ሰፈሩን ይጠይቁ!» ብላ ጮኸች። ዳኛው ጸጥታ አሉ። የፈረዱበት በእሷ ጩኸት እንዳልሆነ ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ እጁ ላይ በተገኘው ሻንጣና በራሱ አፍ ነው የፈረዱበት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ስም ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ስኳር ስትመዝን እንኳ እንባዋ ይመጣል።

እስሩ ዓመታት ፈጀ። በመካከሉ እናታችን አረፈች። ሳጥኗን ያነሱት ጎረቤቶች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ከፊት የያዙት ሁለቱ ሰዎች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነበሩና ሳጥኑ እስከ መቃብር ድረስ ተዛንፎ ሄደ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ትንሸራተትብኛለች እያልኩ ስሰጋ ማልቀሱን እንኳ ረሳሁት።

መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ። አላለቀሰም። «ማን ያዛት?» አለኝ። ስማቸውን ጠራሁለት። «ከፊት በኩልስ?» ነገርኩት። «ቁመታቸው አይመጥንም እኮ» አለኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን የሹራቡ ኪስ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ቀን በኋላ በሄድኩ ቁጥር እጁን አላየሁትም።

አምና ወጣ። ንጹህ ነህ ያለው የለም፤ ጨርሰሃል ነው ያሉት። ሁለተኛው ጸሐፊም ሌላ አገር አንደኛ ጸሐፊ ሆኗል አሉን፤ ዕድገት አግኝቶ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እግሩ ዳነ?» ብሎ ጠየቀ። እውነቴን ነው! በአሽሙር ይሁን በቅንነት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወጣ ማለት ግን ተመለሰ ማለት አልነበረም። እጁ ከኪሱ አይወጣም። ከሰው እጅ ምንም አይቀበልም። ብርጭቆ ብትዘረጉለት «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው» ነው መልሱ። መኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረና ለሾፌሮቹ ቦታ የሚያሳያቸው በአገጩ ነው። ባለሱቋ አንድ ቀን ደፍራ፣ «ልጄ፣ እባክህ ይቺን ስኳር ወደ ውስጥ…» ብትለው፣ ራቅ ብሎ ቆሞ «ነጭ ነገር አልነካም፣ እትዬ» አላት።

ከሁሉ የከበደው ለሚስቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስንቅ እያመላለሰች የጠበቀችው ሴት! ከገበያ ስትመለስ ደረጃው ግርጌ ይጠብቃትና አብሯት ይወጣል፤ እሷ ተሸክማ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ።

«ውስጡ ምንድነው?» ይላታል።

«ሽንኩርት ነው! ሽንኩርት! ካላመንክ ልክተፍልህና አብረን እናልቅስ!»

ለእኔ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ሸክሙ አይደለም እኔን ያቃጠለኝ፣ እታለም። እስር ቤት የምጠይቀው ሰው ነበረኝ። አሁን ቤቴ ውስጥ ያለውን ግን የት ሄጄ ልጠይቀው?»

ዛሬ ደወለችልኝ። «ነይና የታችኛውን በር ያዢልኝ፣ ታክሲ ጠርቻለሁ። ጠቅልዬ የራሴው ወንድም ቤት ልሄድ ነው።» ምን ብዬ ልከልክላት? ሄድኩና በሩን ያዝኩላት። ትልቁን ሻንጣዋን በሁለት እጇ አንቃ፣ አንደኛው ጎማ ተሰብሮ፣ በየደረጃው ዷ እያለ ትወርዳለች። ወገቧ እጥፍ ብሏል። ወንድሜ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆሟል፤ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አጠገቡ ስትደርስ ቀና ብላ አላየችውም። ሸክሙ ቀና አያስብልማ!

«ጫማህን አንሳልኝ» አለችው። «ልለፍ።»

ወንድሜ ጫማውን አየ። ከዚያ ጀርባዋን አየ፤ እጥፍ ያለውን ጀርባዋን። እኔ አባታችን ትዝ አለኝ። እሱን ማን ትዝ እንዳለው አልጠየቅሁትም። ብቻ እጁ ከኪሱ ወጣ፤ ነጥቷል፣ ከስቷል፤ መያዣውን ላፍ!

«ልቀቀኝ!»

«አልለቅም።»

«የራሴ ነው እኮ!»

«የማንም ይሁን!» አለና ወደ ላይ አነሳው።

ታክሲው ከውጭ ጡሩንባውን ይነፋል። «ሂድ የኔ ልጅ፣ ሂድልን፣ ቀርቷል!» አልኩት ባለታክሲውን፤ የሰደበኝን ስድብ እንደ ምርቃት ተቀበልኩትና ተከትያቸው ወጣሁ። ወንድሜ በየወለሉ ሳያርፍ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ሻንጣውን ክፍሉ መካከል አስቀመጠ። ቧንቧው ጋ ሄደና በሳሙና መታጠብ ጀመረ፤ ታጠበ፣ ታጠበ፣ ሳሙናው እስኪሳሳ። እሷ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ጀርባውን ስታይ ቆየች።

«ውስጡ ምን እንዳለ አትጠይቀኝም?» አለችው።

«አልጠይቅም።»

እሷም ሻንጣውን ከፈተችና ማበጠሪያዋን አወጣች። ማበጠሪያዋን ብቻ። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ሌላው ልብስ እዚያው ውስጥ ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እኔ ግን ለማበጠሪያዋም እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሰርግ መስሎት በሩን ከፈተ።

በቀጥታ ወደ ባለሱቋ ነበር የበረርኩት። ሱቋ ዝግ! ሐኪም ቤት ሄዳለች አሉኝ። እስክትመጣ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ። አሁን ግን በመስኮቴ ይሰማኛል፤ የሱቁ የብረት መዝጊያ ሲጥ ብሎ ተከፈተ። መጣች! ጆሮዋ ከድቷታል፣ «ቀማኛው» የሚለውን ያን ስም ጮክ ብዬ ካልጠራሁላት አትሰማኝም። ይጮኽ እንጂ ታዲያ፣ ሰፈሩ ይስማ! ነጠላ ጫማዬ የት ገባ? ተዉት፣ በባዶ እግሬ እሻገራለሁ።